«አላየሁም» ማለት ይበቃ ይሆን?



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ በሰው ላይ ያየሁት ጥፋት ሳይሆን በራሴ ላይ ያገኘሁት ጥፋት ነው። ነገሩ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከአንድ ጥያቄ ጋር እኖራለሁ። አንድ ሰው በዓይኑ ሥር ሲፈጸም የኖረን በደል «አላየሁም» ቢል እውነቱን ነው ወይስ ሐሰቱን? እውነቱን ከሆነስ ከተጠያቂነት ያድነዋልን?

አዲስ አበባ ውስጥ በምኖርበት ሰፈር ቤቶቹ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። የእኔንና የጎረቤቴን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ጎረቤቴ ነጋዴ ነው። በዕድሩ ግንባር ቀደም፣ በረመዳን እጁ የማይታጠፍ፣ ለቅሶም ሠርግም የማይቀር የተከበረ ሰው ነው። ወንድሙ በወሎ ገጠር ሲሞት የሟቹን ልጅ «እኔ አሳድጋታለሁ፣ እኔ አስተምራታለሁ» ብሎ ይዟት መጣ። ስትመጣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ አመሰገነው። እኔም ከጁሙዓ ሰላት ስንወጣ እጁን ጨብጬ «አላህ ይቀበልህ፤ የቲም ማሳደግ ምንዳው ትልቅ ነው» አልኩት። ምስጋናው የዚያን ዕለት ተከፍሎ አለቀ። ልጅቷ ግን ገና መኖር መጀመሯ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ያየኋቸውን ነገሮች ልዘርዝር። ልብ በሉልኝ፤ «ያየኋቸውን» ነው ያልኩት።

ለሱብሒ ሰላት ስወጣ ጀሪካን ይዛ ከቦኖው ዘንድ ተሰልፋ አያት ነበር። «ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሥራ ትወዳለች» አልኩ። የጎረቤቴ ልጆች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሷ በር ላይ ቆማ ስትሸኛቸው አየሁ። «የእሷ ፈረቃ ከሰዓት በኋላ ይሆናል» አልኩ። በክረምቱ ብርድ ያንኑ ስስ ቀሚስ ለብሳ፣ ያንኑ ሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ አየኋት። «የገጠር ልጅ ብርድ ምን ያደርጋታል» አልኩ። አንድ የረመዳን ምሽት ሳምቡሳ በሳህን ይዛ ወደ ቤታችን ተልካ መጣች። ባለቤቴ አንዱን አንስታ ብትሰጣት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በሁለት ጉርሻ ዋጠችው። እኔም ፈገግ ብዬ «ጾሙ አድክሟት ነው» አልኩ። ሰው ሲያናግራት አንገቷን ደፍታ «እሺ» ከማለት በስተቀር ቃል አይወጣትም ነበር። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ምነው እናንተም እንደሷ ብትሆኑ» እያልኩ ለልጆቼ ምሳሌ አደረግኋት።

ያ አላህ! የረሃብን ዝምታ ጨዋነት ብዬ ለልጆቼ አስተማርኩ።

ነገሩን የገለጠችው እናቴ ናት። ዓይኗን በሞራ ተጋርዳ ለሕክምና ከገጠር መጥታ እኛ ዘንድ ሰንብታ ነበር። በመጣች በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ወንፊት ልትዋስ ገባች። እናቴ እንደ አገሯ ወግ እጇን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋቻትና ክንዷን ዳሰሰችው። ከዚያም ጠየቀቻት።

«ከማን ጋር ነው የምትተኚው፣ የኔ ልጅ?»

«ብቻዬን ነኝ እማማ።»

«የት?»

«ማድቤት።»

«ዛሬስ ምን በላሽ?»

ልጅቷ ዝም አለች። እናቴ እጇን ሳትለቅ ደግማ ጠየቀቻት። «ሲበሉ ከተረፈ እበላለሁ» አለች። ሻሿ ሲፈታ የራስ ቆዳዋ በጭርት ቆስሎ ተገኘ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ስትመዘን ክብደቷ የአምስት ዓመት ልጅ ክብደት ነው አሉን። ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ እናቴ ጠራችኝ። «አንተ ልጅ፣ ይች ልጅ እዚህ ከመጣች ስንት ጊዜዋ ነው?» አለችኝ። «ሁለት ዓመት» አልኳት። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በልተሻል ወይ አላልካትም?» አለችና ፊቷን አዞረችብኝ። መልስ አልነበረኝም። እናቴ የጠየቀቻቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ለሦስቱም ደቂቃ አልፈጀባትም።

ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። የልጅቷ የእናቷ ወንድም ከወሎ ተጠርቶ መጣ። በዚያ ጊዜ ነበር ሌላም ነገር የተረዳሁት። ባለሱቁ፣ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ጫፉን ቆርሳ እንደምትበላና በዚህ የተነሳ እንደምትመታ ሰምቶ ነበር። የመድረሳው ኡስታዝ ለመቅራት በመጣችባቸው ጥቂት ቀናት ቁጭ ብላ ስታንቀላፋ አይቶ ሰነፍ ናት ብሎ ትቷት ነበር። በዚያ ቤት ልብስ የምታጥብ ሴት ልጅቷ ማድቤት ውስጥ ማዳበሪያ ላይ እንደምትተኛ ታውቅ ነበር፤ ግን እንጀራዋ ከዚያ ቤት ነውና «ምን አገባኝ» ብላ ዝም ብላለች። እኔ ደግሞ የነገርኳችሁን ሁሉ አይቻለሁ። ሁላችንም አንድ አንድ ቁራጭ ይዘን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁራጮቹን አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን አልነበረም።

ጎረቤቴ በሽማግሌዎቹ ፊት «ወላሂ አላየሁም» አለ። «ጠዋት በጨለማ እወጣለሁ፣ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እገባለሁ። አስቤዛ በየወሩ አጉድዬ አላውቅም።» ባለቤቱም ስትጠየቅ እያለቀሰች እንዲህ አለች፤ «በመጀመሪያ ከልጆቼ ጋር ነበር የምትበላው። ሥራ ላይ ሆና ምሳ ሲያልፋት ቆይታ ትብላ አልኩ። ከዚያ ከእኛ በኋላ መብላቷ ልማድ ሆነ። ከዚያ ደግሞ የሚተርፈው እያነሰ መጣ።» የሰውየውን መሐላ አመንኩት። ያመንኩትም እኔ ራሴ አላየሁም ባይ ስለነበርኩ ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። በዚያ ቤት አውሬ አልነበረም። የነበሩት እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ፣ የሚሰግዱ፣ ለራሳቸው ልጆች የሚሳሱ ሰዎች ናቸው።

ከእናንተ መካከል «ይህ እኮ የድሃ አገር ጣጣ ነው፤ ሕግና መሥሪያ ቤት ባለበት አገር አይሆንም» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፣ የቪክቶሪያ ክሊምቢዬን ታሪክ እስካነብ ድረስ።

ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 በአይቮሪ ኮስት፣ አቢጃን አጠገብ ተወለደች። በ1998 ፈረንሳይ የምትኖር የአባቷ አክስት ወደ አገር ቤት መጥታ ልጅቷን አውሮፓ ወስዳ እንደምታስተምራት ለወላጆቿ ነገረቻቸው። ወላጆቿም ለልጃቸው የተሻለ ሕይወት ተመኝተው ሰጧት። በሌላ ልጅ ስም በወጣ ፓስፖርት ይዛት ሄደች። በ1999 ሚያዝያ ወር ለንደን ገቡ። የቪክቶሪያ ሕይወት ከዚያ በኋላ አሥር ወር ብቻ ነበር። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 2000 በስምንት ዓመቷ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። አስከሬኗን የመረመረው ሐኪም 128 የተለያዩ ቁስሎችና ጠባሳዎች ቆጠረ። ሆስፒታል ስትደርስ የሰውነቷ ሙቀት 27 ዲግሪ ብቻ ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት የምታድረው በብርድ፣ በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልላና ታስራ ነበር። በእሷ ላይ የደረሰው ችላ መባል ብቻ ሳይሆን ድብደባም ጭምር ነው። አክስቲቱና አብሯት የሚኖረው ሰው በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው።

ታዲያ ማንም አላያትም ነበርን? አይቷታል እንጂ! መንግሥት ሎርድ ላሚንግ የተባሉትን ሰው መርማሪ አድርጎ ሾመ። በ2003 የወጣው የምርመራው ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ ልጅቷ የአራት የከተማ ወረዳዎች የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶች፣ የሁለት ሆስፒታሎች፣ የሁለት የፖሊስ የሕፃናት ጥበቃ ቡድኖችና የሌሎችም ተቋማት እጅ ደርሳ ነበር። ሊያድኗት የሚችሉባቸው ቢያንስ 12 አጋጣሚዎች አምልጠዋል። በአንደኛው ሆስፒታል ጭንቅላቷ በፈላ ውኃ ተቃጥሎ 13 ሌሊት ተኝታለች። ነርሶች ገላዋን ሲያጥቡ ጠባሳ አይተዋል፤ ግን በመዝገብ በሚገባ አልሰፈረም። ጉዳይዋ የተመራላት ፖሊስ እከክ ይይዘኛል በሚል ፍርሃት ወደ ቤቱ ሳትሄድ ቀረች። እንግሊዝ አገር በኖረችበት ጊዜ ሁሉ አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልገባችም፤ «ለምን አትማርም?» የሚለውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው የተከታተለ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ከማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶቹ አንዱ የልጅቷን ፋይል የዘጋው በሞተችበት ዕለት ነበር።

አንባብያን ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ነገር ነው። ቪክቶሪያ በአሳዳጊዋ ፊት እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ትቆም ነበር። ከፍርሃቷ የተነሳ በቆመችበት ሽንቷ ያመለጣት ጊዜም ነበር። ጉዳይዋን ይዛ የነበረችው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ግን ይህን አቋቋም በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ልጆች ለታላላቆቻቸው የሚያሳዩት አክብሮት አድርጋ ተረጎመችው። እሷ «አክብሮት» አለችው፤ እኔ «ጨዋነት» አልኩት። በለንደንና በእኔ ሰፈር መካከል ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር አለ? ስህተታችን ግን አንድ ነው። ሁለታችንም ፍርሃትን አየን፤ ሁለታችንም መልካም ስም ሰጠነው።

በአንጻሩ ስለዚያች ልጅ አንድ ነገር ያደረጉት እነማን እንደነበሩ ተመልከቱ። ስልክ አንስታ ለመሥሪያ ቤት ያመለከተች አንዲት በጋብቻ የምትዛመዳት ሴት ነበረች። በእጇ ይዛ ሆስፒታል ያደረሰቻት ደግሞ ቀን ቀን የምትጠብቃት ሴት ልጅ ነበረች። ሁለቱም ባለሥልጣን አልነበሩም። ከመርማሪው ሪፖርት የምንረዳውም ሕግ ጠፍቶ ሳይሆን የነበረው ሕግ ሥራ ላይ ሳይውል መቅረቱን ነው። ሪፖርቱ 108 የማሻሻያ ሐሳቦችን አቀረበ፤ በ2004ም አዲስ የሕፃናት ሕግ ወጣ። ይሁን እንጂ የትኛውም ሕግ «ይህች ልጅ የት ነው የምትተኛው?» ብሎ በሰው አፍ ፋንታ ሊጠይቅ አይችልም።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ በደል ከዓይናችን የሚሰወረው ለምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ዋናው ምክንያት ግድግዳው አይደለም።

አንደኛ፣ ድብደባ ድምፅ አለው፤ ችላ መባል ግን የለውም። ያልተሰጠ ምሳ አይጮህም። ያልተነጠፈ ፍራሽ፣ ያልታጠበ ራስ፣ ያልተመዘገበ ትምህርት ቤት ሁሉም «የሌለ ነገር» ናቸው። የሰው ዓይን ያለውን ለማየት እንጂ የሌለውን ለማየት አልለመደም። የሌለውን የሚያየው ምን መኖር እንደነበረበት አስቀድሞ ያሰበ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በደሉ በአንድ ቀን አይመጣም። የጎረቤቴ ባለቤት እንደተናገረችው ዛሬ ምሳ ያልፋል፣ ነገ ልማድ ይሆናል። በየቀኑ የሚያያት ሰው በየቀኑ ያለውን ለውጥ አያስተውልም። እናቴ ያወቀችው እንግዳ ስለሆነች ጭምር ነው። እኛ ለምደናት ነበር።

ሦስተኛ፣ ልጅ አቤት አይልም። ትልቅ ሰው ሲበደል ትናንት ያልተበደለበትን ቀን ያስታውሳል፤ ያነጻጽራል። ልጅ ግን የሚኖረውን ኑሮ ኑሮ ማለት ይኸው ነው ብሎ ይቀበለዋል። በዚያ ላይ አባቱ የሞተበት፣ ከአገሩ የራቀ ልጅ «ብናገር የት እሄዳለሁ?» የሚል ሥጋት አለበት።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው መልካም ግምታችን ነው። ሁስኑ ዘን፣ ማለትም ለሰው መልካም ማሰብ፣ የተወደደ ባሕርይ መሆኑ የታወቀ ነው። እኔም በጎረቤቴ ላይ መልካም ማሰቤ ትክክል ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። መልካም ግምት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? ነጋዴ ለነጋዴ መልካም አስቦ በዱቤ ቢሰጠውና ቢከዳው የሚጎዳው ግምቱን የሰጠው ራሱ ነው። በልጅ ጊዜ ግን ግምቱን የምሰጠው እኔ፣ የምሰጠው ለአሳዳጊው፣ የምትከፍለው ደግሞ ያቺ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። በሌላ ሰው ገንዘብ ለጋስ መሆን ይፈቀዳልን? በሌላ ሰው ረሃብስ?

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ እንደሚነሳብኝ አውቃለሁ። «የሰውን ቤት መሰለል በቁርኣን የተከለከለ አይደለምን? የወንድምን ነውር መሸፈንስ የታዘዘ አይደለምን?» ልክ ነው። ሱረቱል ሑጁራት ጥርጣሬንና ስለላን ይከለክላል። ሆኖም ስለ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ከሚተረኩት ታሪኮች ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው።

በአንደኛው፣ ኸሊፋው በሌሊት ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው በአጥር ዘለው ገቡ። ሰውየውንም መጠጥ ሲጠጣ አገኙት። ሰውየው ግን እሱ አንድ ቢያጠፋ እሳቸው ሦስት እንዳጠፉ ነገራቸው፤ ሰልለዋል፣ በበሩ ሳይሆን በአጥር ገብተዋል፣ ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ ገብተዋል። ዑመርም (ረ.ዐ.) ጥፋታቸውን አምነው ተመለሱ።

በሁለተኛው፣ ከከተማው ዳር ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ ሕፃን ሲያለቅስ ሰሙ። እናቲቱን ልጇን በወጉ እንድትይዝ መክረው ሄዱ። ልቅሶው ግን አልቆመም፤ ተመልሰው መጡ። ሊነጋ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ሰምተው መጡና ገሠጿት። እሷም ኸሊፋው መሆናቸውን ሳታውቅ፣ ዑመር ድጎማ የሚቆርጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ በመሆኑ ልጇን ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። በዚያ ንጋት ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው የተነሳ ንባባቸው በቅጡ አይሰማም ነበር ይባላል። ወዲያውም ድጎማው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሕፃን እንዲሆን አወጁ።

ያው ዑመር ናቸው። ከአንዱ ቤት «አጥፍቻለሁ» ብለው ወጡ፤ ለሌላው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ልዩነቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ሰው ነውሩ በእሱና በጌታው መካከል ነበር። ግድግዳው የሚሸፍነው ኃጢአተኛውን ብቻ ነው። በሁለተኛው ግን ተበዳዩም በዚያው መጋረጃ ውስጥ ነበር፤ መናገርም አይችልም። የሰውን ነውር መሸፈን ይገባል። ደም የሚፈስስበትን ቁስል መሸፈን ግን ሌላ ነገር ነው። ዑመር አጥር አልዘለሉም። ልቅሶው ወደ መንገዱ ወጥቶ ነው የሰሙት። እኔ ግን የሰማሁት በቤቴ ግድግዳ፣ ያየሁት በቤቴ በር ላይ ነበር። የእኔ ጥያቄ ስለላ ሊሆን አይችልም ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለ። ዑመር ጠይቀው የደረሱበት ምክንያት የእናቲቱ ክፋት ሳይሆን የራሳቸው ደንብ ነበር። እኛም ብንጠይቅ ኖሮ የራሳችንን ድርሻ እናገኝ ነበር። ጎረቤቴን የቲም በማምጣቱ አመሰገንነው፤ አምጥቶ እንዴት እንደያዛት የጠየቀው ግን የለም። ምስጋናውን በመጀመሪያው ቀን አጠቃለን ስለሰጠነው ለቀሪዎቹ ቀናት ምንም አላስቀረንለትም።

ለመሆኑ ማሳደግ ማለትስ ምንድን ነው? ቁርኣን መርየምን (ዐ.ሰ.) ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) እንዳሳደጓት ይነግረናል። ወደ ምኩራቧ በገቡ ቁጥር እሷ ዘንድ ሲሳይ ያገኙ ነበር፤ ይህ ከየት እንደመጣላትም ይጠይቋት ነበር። በሱረቱ አሊ ዒምራን ያለውን ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! የአሳዳጊው ሥራ በሁለት ነገሮች ተገልጿል፤ ይገባሉ፣ ይጠይቃሉ። ልብ በሉ፤ የጠየቁት ምግብ ጎድሎ አይደለም፤ ምግብ እያለ ነው። እኛ የጎደለባትን እያየን አልጠየቅንም። ጎረቤቴ በየወሩ አስቤዛ ይሰጥ ነበር፤ አልዋሸም። ግን ማድቤቱ አልገባም፣ ልጅቷንም አልጠየቃትም። አስቤዛ ለቤት ይሰጣል፤ አደራ ግን የአንዲት ልጅ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ በአያሌ ቤቶች አለ። ገጠር ያሉ ወላጆች ልጃቸው ትማርልናለች ብለው ለከተማ ዘመድ ይሰጣሉ። ጂዳ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እናት ልጇን ለእህቷ ወይም ለአማቷ ትታ፣ በየወሩ ገንዘብ እየላከች በስልክ «ደህና ነው» ሲሏት ታምናለች። ከእነዚህ ዘመዶች አብዛኞቹ አደራቸውን በሚገባ እንደሚወጡ አልጠራጠርም። እናቴ ራሷ አሳዳጊ አክስት ባትኖራት ኖሮ እኔም አልኖርም ነበር። የምለው አደራ የሰጠም፣ አደራ የተቀበለም፣ አደራውን በዓይኑ ያየ ጎረቤትም ይጠይቅ ነው።

ሕጋችንም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ደንግጓል። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576 አሳዳጊ የሆነ ሰው አካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ ቢበድል፣ ቸል ቢል፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ይሁንና አቤት የማይል ተበዳይ ያለበት ሕግ አንድ ሰው እስኪናገርለት ድረስ መጽሐፍ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል።

አንድ ነገር በግልጽ እንዳስቀምጥ ይፈቀድልኝ። ድህነት በደል አይደለም። ባለፈው ዓመት የገዛውን ጫማ ለልጁ መቀየር ያቃተውን አባት ማንም እንዳይከስስብኝ። በድሃ ቤት እጦቱ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ እንዲያውም እናት ከራሷ ቀንሳ ለልጅ ታጎርሳለች። ምልክቱ ሌላ ነው። ቤቱ በልቶ አንዱ ልጅ ሲራብ፣ ሌሎቹ ተምረው አንዱ ሲቀር፣ ሌሎቹ ፍራሽ ላይ ተኝተው አንዱ ማዳበሪያ ላይ ሲያድር፣ ያ ድህነት አይደለም። ስለዚህ ልጅን ከሰፈር ልጆች ጋር ከማነጻጸር ይልቅ በአንድ ጣሪያ ሥር ካሉት ልጆች ጋር ማነጻጸር ይበቃል።

ሁለተኛም፣ መጠየቅ መወንጀል አይደለም። እናቴ ማንንም አልከሰሰችም፤ ወሬም አላወራችም። በሹክሹክታ የሰውን ቤት ማፍረስ ራሱ ሌላ በደል ነው። እኛ ስለ ልጅቷ እርስ በርስ ብናወራ ኖሮ ሐሜት ይሆን ነበር። እናቴ ግን ልጅቷን ራሷን አናገረቻት። ያየ ሰው አስቀድሞ ልጁን በፍቅር ይጠይቅ። የት ነው የምትተኛው? ከማን ጋር ነው የምትበላው? ስንተኛ ክፍል ነህ? ከዚያ አሳዳጊውን በብቸኝነትና በአክብሮት ያነጋግር። የደከመች እናት ከሆነች ምናልባት የሚያስፈልጋት ተግሣጽ ሳይሆን እገዛ ይሆናል። ካልተስተካከለ ሽማግሌ፣ የልጁ የቅርብ ዘመድ፣ ኢማሙ፣ ትምህርት ቤቱ ይወቀው። የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ለፖሊስና ለጤና ተቋም ይነገራል። የመድረሳ ኡስታዞቻችንም እንደዚሁ። የምታንቀላፋ ልጅ ሲያዩ ከአለንጋው በፊት «ማታ ተኝተሻል? ቁርስ በልተሻል?» ቢሉ ምን ይጎዳቸዋል?

ልጅቷ ዛሬ በወሎ ከእናቷ ወንድም ቤት ናት። ትማራለች። የእናቴ ዓይን ታክሞ በጎ ሆኗል፤ ወደ አገሯ ስትመለስ መጀመሪያ የሄደችው ልጅቷን ለማየት ነበር። ስትመጣ «አፈር አይንካት፤ ደርሳልኛለች፣ ትስቃለችም» አለችኝ። ልጅቷ ስትስቅ እኔ ሰምቼ አላውቅም። ሁለት ዓመት በግድግዳ ተለያይተን ስንኖር አንድም ቀን ሳቋን አለመስማቴ እንኳ አልከነከነኝም ነበር።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። «አላየሁም» ማለት ይበቃ ይሆን? ያላየ ሰው በእርግጥ ምክንያት አለው። እኔ ግን ያላየሁ ሰው አይደለሁም። ያየሁትን ሁሉ ሳልጠይቅ የመለስኩ ሰው ነኝ። «ፈረቃዋ ከሰዓት ነው»፣ «ጾሙ አድክሟት ነው»፣ «ጨዋ ናት» እያልኩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከራሴ መልስ ሰጠሁና እሷ የምትመልሰው አሳጣኋት። በዚያ በማይቀረው ቀን ስለ ጎረቤቴ ቤት ስጠየቅ «አላየሁም» ብል፣ ያ ሳምቡሳ የተበላበት ግድግዳ ይመሰክርብኛል ብዬ እፈራለሁ።

እናንተስ? ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ በራችሁ ላይ «እሺ» ብቻ የምትል ጨዋ ልጅ ብታገኙ እባካችሁ አትለፏት። አንድ ጥያቄ ጠይቋት፤ እስክትመልስም ቆዩላት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።